ኤኪናሺያዬ ለምን አላበበችም?

ሰላም የጓሮ ወዳጆች፣ እንዴት ከረማችሁ። ባለፈው እትም መጨረሻ ላይ ስለ ኤኪናሺያ ሁለት መስመር ብቻ ጽፌ "የተከላችሁ ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ" ብዬ ነበር፣ የመጣው ደብዳቤና ሜሴጅ ግን ጉድ ነው። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከወልድያ፣ ከቆቦ... ለካ ውጪ ያለው ልጅ ሁሉ ለእረፍት ሲመጣ ከሻንጣው ጥግ አንድ ፓኬት ዘር ሸጉጦ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የዚህ ወር አምድ ሙሉውን ለሷ ሰጥቼዋለሁ፣ የቲማቲምና የቃሪያ ጥያቄ የላካችሁ አንድ ወር ታገሱኝ።

ላላያችኋት፣ ኤኪናሺያ መሀሏ ላይ እንደ ጃርት እሾህ የቆመ ብርቱካናማ ጉብታ ያላት፣ ዙሪያዋን ደግሞ ሐምራዊ ወይ ሮዝ ቅጠል ወደታች ዘርግታ የምትቆም አበባ ናት። ስሟም ከዛው ነው የመጣው፣ በግሪክ ጃርት ከሚለው ቃል። ሀገሯ ሰሜን አሜሪካ ነው፣ የመሀሉና የምሥራቁ ሜዳ። አንዴ ከያዘች አመት አመት ከሥሯ እየታደሰች ትኖራለች። በዘር ሐረግ የሱፍ፣ የኑግና የራሳችን የአደይ አበባ ዘመድ ናት፣ እኔን መጀመሪያ የሳበኝም ይሄ ዝምድናዋ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ከርመዋል። ደሴ ሆጤ ነው የምኖረው። ልጄ ከሚኒሶታ ይዛልኝ የመጣችው ዘር በቅሎልኝ ሁለት አመት አለፈው፣ ቅጠሉ እንደ ጎመን ተንሰራፍቶ ሲያዩት ያምራል ግን አንድ አበባ አላየሁበትም። ፍግ ጨመርኩ፣ ውሃ ጨመርኩ፣ ምንም። ጎረቤቴ "ወንዴ ነው ንቀይው" አለችኝ። ልንቀለው ወይ?

መልስ፦ እትዬ፣ እባክዎ አይንቀሉት! ወንዴ የሚባል ኤኪናሺያ የለም። መሀሏ ላይ ያ ጉብታ ውስጥ ያሉት ትንንሾቹ አበቦች እያንዳንዳቸው ወንድም ሴትም ናቸው፣ ዘር የሚይዙትም እነሱው ናቸው፣ ስለዚህ ጎረቤትዎ በፓፓያ ለምደው ነው እንዲህ ያሉት፣ ፓፓያ ላይ እውነት ነው እዚ ግን አይሠራም።

ቀላሎቹን ምክንያቶች ቶሎ ልለፋቸው። በመጀመሪያው አመት አለማበቧ ልማዷ ነው፣ ከዘር የበቀለች ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው አመት ነው የምታብበው። ፀሐይ ቢያንስ በቀን 6 ሰዓት ማግኘት አለባት፣ በግድግዳና በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ከሆነች ቅጠል ብቻ ነው የምትሰጥዎ። ፍጉን ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙት። ኤኪናሺያ የሜዳ ልጅ ናት፣ ብዙ ምግብ ስታገኝ ቅጠሏ ይወፍራል፣ አገዳዋ ይልፈሰፈሳል፣ አበባዋን ትረሳዋለች።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ምክንያቱም ሰባት ሰው ይቺኑ ጥያቄ በተለያየ አፍ ጠይቆኛል። ኤኪናሺያ የቀኑን ርዝመት ትለካለች። በግሪንሀውስ የተደረጉ ሙከራዎች ላይ በደንብ የምታብበው ቀኑ ከ13 እስከ 15 ሰዓት ሲረዝም ነው፣ 14 ሰዓት አካባቢ ደግሞ በጣም ይስማማታል። ልጅዎ ያለችበት የአሜሪካ ግዛት ሚኒሶታ በሰኔ መሀል ፀሐይ ከወጣች እስክትጠልቅ ከ15 ሰዓት በላይ ነው። ደሴስ? እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፣ ረጅሙ ቀናችን ሰኔ 14 አካባቢ ነው እሱም 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ብዙም አያልፍም፣ አጭሩ ደግሞ ታኅሣሥ ላይ ከ11 ሰዓት ተኩል ብዙም አይወርድም። እኛ ለውጡን ልብ እንኳ አንለውም፣ ጠዋት 12 ሰዓት ነጋ ማታ 12 ሰዓት መሸ ብለን ሰዓታችንን የቆጠርነውም በዚሁ ነው። እሷ ግን "ገና በጋዬ አልደረሰም" ብላ መሬት ላይ ተነጥፋ ትጠብቃለች። ዳር ላይ ስለሆንን አንዳንዷ በሰኔና በሐምሌ እንደምንም እምቡጥ ልታወጣ ትችላለች፣ ብዙዋ ግን እንደርስዎዋ ቅጠል ብቻ ሆና ትቀራለች።

ይሄን እኔ ከመጽሐፍ በፊት ከጓሮዬ ነው ያየሁት። ጦሳ ተራራ ሥር ያለችው ግቢዬ ውስጥ ዘጠኝ ተክዬ ሦስት ክረምት ጠበቅኩ። ስምንቱ ቅጠል ብቻ። አንዷ፣ በረንዳው ጫፍ ላይ አምፑሉ ሥር የተተከለችው፣ በሦስተኛው አመት ነሐሴ ላይ አራት አበባ አወጣች። አፈሩ ያው ነው፣ ውሃው ያው ነው፣ ልዩነቱ እናቴ ማታ ማታ ጨለማ ስለማይመቻቸው በረንዳው ላይ መብራት አብርተው ቁጭ ማለታቸው ነበር። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ አሁንም ስጽፈው ይሰማኛል፣ እናቴን ጠርቼ አሳየኋቸው፣ "እንግዲህ እኔ ነኝ ያሳደግኳት በሉኛ" አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ከሚያዝያ መጨረሻ ጀምሮ አንድ ተራ አምፑል፣ ነጣ ካለው ይልቅ ቢጫማው ቢሆን ይሻላል፣ ከተክሏ አንድ ወይ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ያንጠልጥሉና ማታ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጀምሮ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ያብሩላት፣ በየቀኑ። ኃይለኛ ብርሃን አያስፈልግም፣ እንድትበላው አይደለም እኮ፣ ቀኑ ረዘመ ብላ እንድታምን ነው። ሌላው ዘዴ ሌሊቱን መሀል ለመሀል መቁረጥ ነው፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ማብራት፣ ግን ለዛ ታይመር ካልኖረ ማን ይነሳል፣ የምሽቱ ይበቃል። በምድር ወገብ አካባቢ ያሉ የአበባ እርሻዎችም ሃይፐሪከም የሚባለውን ተክል በዚሁ መንገድ በሌሊት መብራት ነው የሚያሳድጉት፣ እኛ ያመጣነው አዲስ ነገር አይደለም። መብራት አንድ ሁለት ቀን ቢጠፋ አይጨነቁ፣ ሲመጣ ይቀጥሉ። እምቡጥ እስኪታይ ሁለት ወር፣ አንዳንዴም ከዛ በላይ ይወስዳል፣ እምቡጡ አገዳ ላይ ቁልጭ ብሎ ከታየ በኋላ ማጥፋት ይችላሉ። ሌላ ደግሞ የሚያግዝዎ ነገር አለ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ። ኤኪናሺያ የአሜሪካን በረዶ የለመደች ናት፣ የደሴ ውርጭ አይገድላትም፣ እንዲያውም ብርድ ያለፈባት በሚቀጥለው ወቅት ለማበብ የተሻለች ትሆናለች። ስለዚህ በብርዱ ወቅት ቅጠሏ ጠውልጎ ቢያዩ ሞተች ብለው አይቆፍሯት።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሽዬ፣ ከኮምቦልቻ ነው። ሃምሳ የሚሆን ዘር ዘርቼ አራት ብቻ ነው የበቀለው፣ ዘሩ የሞተ ነው ወይስ እኔ ነኝ ያበላሸሁት? ፓኬቱ ላይ ማግነስ ይላል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በደብዳቤህ ላይ "እንደ ባቄላ ጣት ሙሉ አስገብቼ" ያልከው ነገር ነው ነገሩን የነገረኝ። የኤኪናሺያ ዘር ለመብቀል ብርሃን ይረዳዋል። አፈሩ ላይ በትነህ በመዳፍህ ጫን አድርገው፣ ከላይ በወንፊት የተነፋ አፈር ስስ አድርገህ፣ ልክ እንጀራ ላይ በርበሬ እንደምትነሰንሰው፣ በቃ። ከዛ በጣሳ ውሃ እንዳትደፋበት፣ በመርጫ ወይ ክዳኑ በተበሳሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ አርከፍክፈው።

ሁለተኛው ብርድ ነው። ይቺ ዘር በሀገሯ በነሱ መኸር ላይ ትወድቃለች፣ ከዛ የነሱን የብርድ ወቅት ሙሉ እርጥብና ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ትተኛና ሲሞቅ ነው የምትነቃው። አንተ ፍሪጅ ካለህ ዘሩን በእርጥብ አሸዋ ለውሰህ (እርጥብ ማለት ስትጨምቀው ውሃ የማይንጠባጠብ) በፌስታል ቋጥረህ ከታች አትክልት የሚቀመጥበት መሳቢያ ውስጥ አራት ሳምንት አስቀምጠው። ፍሪዘር ውስጥ አይደለም! ከዛ አውጥተህ ስትዘራው ሞቅ ባለ ቦታ ከ10 እስከ 20 ቀን ባለው ውስጥ ብቅ ይላል። ሐምራዊዋ ዝርያ ያለ ፍሪጅም ትበቅላለች፣ ልክ እንዳንተ ግን አንዱ ዛሬ አንዱ ከወር በኋላ እያለ ነው።

ጊዜውን እኔ እንዲህ ነው የማደርገው፣ ታኅሣሥ መጨረሻ ፍሪጅ ውስጥ፣ ጥር መጨረሻ ላይ መዝራት፣ ከዛ አራት አምስት ቅጠል ስታወጣ በመጋቢትና በሚያዝያ የበልግ ዝናብ መሬት ላይ ማዛወር። ሰኔ ሐምሌ ኃይለኛው ዝናብ ሲመጣ ሥሯ ይዞ ይጠብቀዋል። በአንዷና በሌላዋ መሀል ግማሽ ሜትር ያህል ተው።

ማግነስ ጥሩ ምርጫ ነው፣ እዛ አሜሪካ በ1998 የአመቱ ተክል ተብሎ የተመረጠ ነው፣ የአበባው ቅጠል እንደሌሎቹ ወደታች አይወድቅም፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ይዘረጋል። ግን ዘመድህ በድጋሚ ሲመጣ ማዘዝ ከቻልክ ቻየን ስፒሪት ወይም ፓውዋው ዋይልድ ቤሪ የሚባሉትን በለው፣ እነዚህ ከዘር በመጀመሪያው አመት እንዲያብቡ ተብለው የተመረጡ ናቸው። የነሱን ዘር መልሰህ ብትዘራ ግን ልጁ እናቱን ላይመስል ይችላል፣ ቀለሙ ይቀላቀላል።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም ጋሼ። ከሐይቅ ነው የምጽፈው፣ አምስት ቀፎ ንብ አለኝ። ለንቦቼ ብዬ አስራ ሁለት ኤኪናሺያ ተክዬ በነሐሴ ሰባቱ ከግንዱ ሥር ጠቁሮ በሰበሰ። መሬቴ መረሬ ነው። ንቦች ይወዱታል መባሉስ እውነት ነው?

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም ወንድምዓለም። አዎ ይወዱታል፣ ለዚህም ምክንያት አለው። ያ መሀል ያለው ጉብታ አንድ አበባ አይደለም፣ መቶዎች ናቸው፣ ደግሞ ባንዴ አይከፈቱም፣ ከታች ዙሪያውን ጀምረው ቀለበት በቀለበት ወደላይ ነው የሚከፈቱት፣ ስለዚህ አንድ ራስ ለብዙ ቀን ማዕድ ሆኖ ይቆያል። ግን ድርብ የሚባሉትን፣ መሀላቸው እንደ ጥጥ የተድበለበለውን እንዳትገዛ፣ ንቧ ማሩን አታገኘውም።

መሬትህ ላይ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ኤኪናሺያን በአሜሪካ የሚገድላት ብርድ ሳይሆን የቆመ ውሃ ነው ይላሉ፣ እኛ ጋ ደግሞ መረሬ በሐምሌና ነሐሴ ምን እንደሚሆን አንተ ታውቀዋለህ፣ እግር ይውጣል፣ በበጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። እዛ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረህ በላዩ ጥሩ አፈር ብትሞላ አይሠራም፣ ጉድጓዱ ገንዳ ሆኖ ከዙሪያው ያለውን ውሃ ሁሉ ይሰበስባል። ትንሽ አሸዋ መቀላቀልም አይጠቅምም፣ መረሬና አሸዋ ሲደርቅ ጡብ ነው የሚሆነው። የሚሻለው ወደታች ሳይሆን ወደላይ መሄድ ነው። በድንጋይ ዙሪያውን ከልለህ መደብ አንሳ፣ 30 ሳንቲሜትር እንኳ ከፍ ቢል በቂ ነው፣ ከሥሩ ገረጋንቲ ደልድል፣ በላዩ የተብላላ ኮምፖስትና ቀለል ያለ አፈር። ስትተክላት አንገቷ፣ ሥሩና ቅጠሉ የሚገናኙበት ቦታ፣ ከአፈሩ ጋር እኩል ይሁን እንጂ አይቀበር። ጉዝጓዝ ብታደርግም አንገቷን ራቅ አድርግላት። ወሎ ድንጋይ አላጣም፣ መደቡ ወጪ የለውም፣ ጉልበት ብቻ ነው።

የቀሩትን አምስቱን አሁኑኑ በዝናብ ላይ አትንቀላቸው። መስከረም ከባተ በኋላ መሬቱ ጠፈፍ ሲል ከነአፈራቸው አንስተህ ወደ መደቡ አዛውራቸው። በበጋው በሳምንት አንዴ ጠለቅ አድርገህ አጠጣ፣ በየቀኑ ላዩን ማርጠብ አይጠቅማትም።

አንድ ነገር ግን እለምንሃለሁ። ለኤኪናሺያ ብለህ ግራዋውን አትቁረጥ፣ በማሳው ዳር ያለውን አደይ አትንቀል። ንቦችህ ማር የሚሠሩት በነሱ ነው፣ አስራ ሁለት ኤኪናሺያ አምስት ቀፎ አይቀልብም። ከነሱ ጋር ትጨመር እንጂ በነሱ ቦታ አትተካ።

ጥያቄ፦ ከከሚሴ። እኛ ጋ ሙቀት ነው፣ ትችለዋለች?

መልስ፦ ትችለዋለች። በሀገሯም በበጋ ከባድ ሙቀት አለ። ከሰዓት በኋላ ትንሽ ጥላ ካገኘች ቀለሟ አይነጣም፣ በመጀመሪያው አመት ውሃ አታሳጧት። የመብራቱ ነገር ግን እናንተንም ይመለከታል፣ ፀሐይ ስለበዛ ቀኑ ረዘመ ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ጋሼ ከወልድያ ነው። ባለቤቴ በኢንተርኔት አይቶ "ለጉንፋን መድኃኒት ናት፣ ሥሯን ቀቅለን እንጠጣ" ይላል። ትንሽ ልጅም አለን፣ እኔም ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ሦስተኛ ወሬ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ፣ አላህም እግዜርም በሰላም ይገላግልሽ። አንቺ አትጠጪው፣ ለልጁም ያለ ሐኪም አትስጪ፣ መጀመሪያ ይሄን ልበል።

የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች፣ በተለይ የሜዳው ሰዎች፣ ጠባብ ቅጠል ያላትን ዝርያ ሥር ለብዙ ነገር ይጠቀሙበት ነበር፣ ክብር ያለው እውቀት ነው፣ እኛም ጤና አዳምና ዳማከሴ እንዳለን ማለት ነው። ከዛ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነጋዴዎች በጠርሙስ አድርገው የሁሉ በሽታ መድኃኒት ብለው ሸጡት፣ ያኔ ነው ወሬው የገነነው። ሳይንሱን ስታይ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ኮክሬን የሚባለው ተቋም 24 ሙከራዎችን አንድ ላይ ሰብስቦ ሲያየው ጥቅሟ ካለም ደካማ ነው፣ ጉንፋንን እንደምታድን በደንብ አልታየም። የተሞከሩትም በፋብሪካ የተዘጋጁ ጭማቂና ክኒኖች ናቸው እንጂ ከጓሮ ተነቅሎ የተቀቀለ ሥር አይደለም። ለአበባ ብናኝ አለርጂ ያለበት ሰው፣ በተለይ የአደይና የሱፍ ዘመዶች የሚያሳክኩት፣ ሊነሳበት ይችላል። የሰውነት መከላከያን የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድም ከሐኪም ሳይማከር መንካት የለበትም።

ደግሞ ባለቤትሽን አንድ ነገር ጠይቂልኝ፣ ሳል ካለበት ስንት ጊዜ ሆነው? ሁለት ሳምንትና ከዛ በላይ የቆየ ሳል ከሆነ ሻይ ሳይሆን ጤና ጣቢያ ሄዶ የአክታ ምርመራ ነው የሚያስፈልገው። ሥሩን ደግሞ የሚወስዱ ሰዎች ራሳቸው ሦስት አመት ጠብቀው ነው የሚቆፍሩት፣ የሁለት አመት ተክል ነቅሎ ለአንድ ጀበና ማፍላት ያሳዝናል። ተዋት ታብብ።

ጥያቄ፦ ከቆቦ ነው፣ ገበሬ ነኝ። እናንተ ከተማ ያላችሁ ሰዎች የአሜሪካ አበባ ታስገባላችሁ፣ እኛ ደግሞ ቅንጭ አረም መሬታችንን በልቶ ጨርሶታል፣ እሱም ከአሜሪካ የመጣ ነው ይላሉ። ይቺስ ነገ ማሳችን ላይ ላለመውጣቷ ምን ዋስትና አለ?

መልስ፦ አያ፣ ከመጡት ደብዳቤዎች ሁሉ ያንቱን ደጋግሜ አነበብኩት፣ ይሄን መጠየቅ የነበረብን እኛ ነበርን። ልክ ኖት፣ ቅንጭ አረምም ከዛው አህጉር ነው የመጣው፣ በእርዳታ እህል ገባ ይባላል፣ የሚገርመው ደግሞ የዘር ሐረጉ ያው የኤኪናሺያና የአደይ ቤተሰብ ነው። እና ፍርሃትዎ ከመሬት የተነሳ አይደለም።

ግን ሁለቱ በጠባይ ለየቅል ናቸው። ቅንጭ አረም ከበቀለ በአንድ ወር በሁለት ወር ውስጥ አብቦ ዘር ይጥላል፣ አንዱ እግር ከ10,000 በላይ ዘር ያወጣል፣ ዘሩም ትንሽና ቀላል ስለሆነ በጎርፍ፣ በመኪና ጎማ፣ በከብት ኮቴ ይሄዳል፣ አጠገቡ ያለውን ተክልም ያቀጭጫል። ኤኪናሺያ ለማበብ ብቻ ሁለት አመት ትወስዳለች፣ ዘሯ ከበድ ያለ ነው፣ እናቷ እግር ሥር ነው የሚወድቀው። ደግሞ እንዳልኩት እኛ ጋ ያለ መብራት ማበቡም ያታግላታል፣ ያላበበ ደግሞ አይዘራም። በወሎ ማሳ ላይ ሞፈር ሲያልፍባት ችላ የምትነሳም አይመስለኝም።

እንዲህም ሆኖ ለአንባቢዎቼ ሁሉ እንዲህ እላለሁ፣ አያ ስለጠየቁ ነው፣ ኤኪናሺያችሁን ግቢ ውስጥ ብቻ ያዙ፣ በመንገድ ዳርና በወንዝ ዳር አትዝሩ። አበባው ሲደርቅ የተወሰነውን ራስ ለዘር አስቀሩና ሌላውን ቁረጡት፣ መቁረጡ አዲስ እምቡጥም ያስወጣታል። ከሦስት አራት አመት በኋላ ሲወፍር ሥሩን ለሁለት ለሦስት ከፍላችሁ ለጎረቤት ስጡ፣ ሐምራዊዋ ዝርያ ሥሯ እንደ ጭራሮ የተበተነ ስለሆነ መከፈል ትችላለች፣ ጠባብ ቅጠሏ ግን እንደ ካሮት አንድ ወፍራም ሥር ስላላት አትነካኳት። ከውጪ ዘር የሚያስመጣ ሰው ደግሞ የታሸገ ፓኬት ከነስሙ ይሁን፣ ከሜዳ ተለቅሞ በወረቀት የተጠቀለለ አይሁን፣ ውስጡ የማን ዘር አብሮ እንዳለ አይታወቅምና።

አያ፣ ወደ ደሴ ብቅ ካሉ በዚሁ አምድ በኩል ይላኩብኝ፣ ሰኞ ገበያ ላይ እንገናኝና ጓሮዬን ላሳይዎ። ካዩዋት በኋላ "ይቺ ትነቀል" ካሉኝም ያለ ቅሬታ እሰማዎታለሁ።